ሁለት እጅጌ ያለው ጥቁር ከረጢት

ኢሕአዴግ ገብቶ አገሩ ረጋ ሲል ፈረንጅ ወደ ላሊበላ መምጣት ጀመረ፤ እኔም አስጎብኚ ሆንኩ። አማቴ ይህን ሥራዬን አንድ ቀን ወደውት አያውቁም። ቄስ ናቸው፤ ከገነተ ማርያም በላይ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ገበዝ ሆነው የቤተ ክርስቲያኗን ዕቃ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን እሳቸው ቤት ሄዳ ወለደች። ክርስትናው ካለፈ በኋላ እንኳ «ትንሽ ትጠንክር» እያሉ አልሰጥም አሉኝ። ትጠንክር! እንዳላመኑኝ አጥቼው ነው?

ስለዚህ ተራራ ላይ እያደረ መልክዓ ምድር የሚያነሳ ፈረንጅ ሲገኝ፣ መንገዱን በእሳቸው ሰፈር በኩል አደረግሁት። በዚያው ሚስቴንና ልጄን ይዤ ልመለስ ቆረጥሁ።

ፈረንጁ ድንኳኑን ከቤተ ክርስቲያኗ ማዶ ገደል አፋፍ ላይ ተከለ። አማቴ መደቡን አስነጥፈው «ኧረ ይግባ!» ቢሉ፣ የንጋት ብርሃን ያመልጠኛል ብሎ እምቢ አለ። አበቃ! በኛ አገር ቤት እያለለት ሜዳ የሚያድር እንግዳ ጤነኛ አይደለም።

«ምን ፈልጎ ነው?» አሉኝ አማቴ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ።

በዚያ ሰሞን የቤተ ክርስቲያን ቅርስ ተሰረቀ የሚል ወሬ ከጋሸና እስከ ሙጃ ይናፈስ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኔም ጥርጣሬ ገባኝ። ገደል ለገደል ስንዞር እንውላለን። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያስቀምጥና ደመና እስኪያልፍ ይገተራል። ከዚያ ሁለት እጅጌ ያለው ጥቁር ከረጢት አውጥቶ፣ እጆቹን እስከ ክርኑ ከትቶ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ውስጡን ይነካካል። ፊልም እየቀየርኩ ነው ይላል። ላግዝህ ስለው «እንዳትነካ!» ብሎ ጮኸብኝ። ይሄ ሰውዬ ምን ደብቆ ነው? አልኩ በሆዴ።

ስንወርድ አማቴ ከቀበሌው ሚሊሻ ጋር ደጃፋቸው ላይ ጠበቁን። ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ ሚስቴም ልጁን አዝላ በር ላይ ቆማለች። ሚሊሻው ከረጢቱ ይከፈት አለ። ፈረንጁ ብርሃን ከገባበት ያነሳሁት ሁሉ ይቃጠላል ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። አስተረጎምኩ፤ ማን ሰምቶኝ! ሚሊሻው ዚፑን ሲይዝ በላብ ተጠመቅሁ። አንዲት ነገር ብትገኝ ሚስቴ ቤቴን እንደማትረግጥ አውቄዋለሁ።

«ቆይ እስቲ» አሉ አማቴ። መስቀላቸውን ወደ ጉያቸው ከተቱና ራሳቸው እጃቸውን በእጅጌዎቹ አስገቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ዳበሱ፣ ዳበሱ።

«ስስ ስስ ነገር ነው። ሌላ ምንም የለበት» አሉ በመጨረሻ።

ተመስገን! እልል ልል ትንሽ ቀረኝ። አማቴ እጃቸውን አውጥተው ወደኔ ዞሩ።

«የእንግዳውን አየን። አሁን ያንተን ቦርሳ ፍታ።»

ፈረንጁን የጠረጠሩ መስሎኝ! ለካ ከመጀመሪያውም እኔን ኖሯል። ደሜ ፈላ፤ ግን ምን ይባላል? ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ፈታሁት። ካልሲ፣ የቆሎ ቋጠሮ፣ ለልጄ የገዛሁለት ሹራብ። ሹራቡን ሳይቀር ገልብጠው አዩ። ከሚስቴ ፊት እንዲህ ስዋረድ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እሷ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ጓዟን ሸክፋ ነው፤ አምጥታ አባቷ እግር ሥር አኖረችው።

«የኔንም ይፈትሹልኝ፣ አባዬ» አለች። «ከባሌ ጋር መሄዴ ነው።»