ለመስቀል ያደለብኩት ሰንጋ

ከቡታጅራ በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ቤተሰባችን ከመንግሥት ተከራይቶ የሚያስተዳድረው የአደን ጫካ አለ። ፈቃድ የሚሰጠን ላረጀ ወንድ ድኩላ ብቻ ነው፤ እንስት ወይም ግልገል የነካ እንግዳ ዳግመኛ ደጃችንን አይረግጥም። ያረጀውን ከጎረምሳው የምለየው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው። ቢሆንም ከአረቅጥ እስከ ወልቂጤ እንደ እኔ ድኩላ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ጫካውን ከከሰል አክሳዮች መጥረቢያ የሚጠብቁልን ከታች ያሉት የመስቃን ገበሬዎች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። ስምምነታችን ቀንዱ ለእንግዳው፣ ሥጋው ለእነሱ ነው። ሙስሊሞች ናቸውና ድኩላው ነፍሱ ሳይወጣ መታረድ አለበት። ስለዚህ በአደን ቀን የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ሐጂ፣ ቢላቸውን ስለው ከተኳሹ ኋላ ያደፍጣሉ። ድኩላው ሲወድቅ ቢስሚላህ እያሉ ይሮጣሉ። ለዕድሜያቸው ግሩም ሯጭ ናቸው፤ በእርግጥ እኔ እቀድማቸዋለሁ።

ዘንድሮ የመጣውን እንግዳ ዒላማ ተኩስ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ስለዚህ ጥይቱ ልብ ላይ ማረፉ አልገረመኝም። ድኩላው አንዴ እንኳ ሳይፈራገጥ ባለበት ተዘረረ። ሐጂ ሮጠው ደረሱ፣ ጎንበስ ብለው አዩትና ቢላቸውን ወደ አፎቱ መለሱ።

“ሞቷል” አሉ።

“ገና ሙቅ ነው እኮ፣ ሐጂ!”

“ድንጋይም ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል፣ አንተ ሰውዬ።”

ገበሬዎቹ ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው ወረዱ። ነገ ጫካውን ሊጠብቅ ማን ይወጣል? ቤት ስደርስ መቀመጥ አቃተኝ። ከበር እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ በሩ ተመላለስኩ። ነፋስ ቅርንጫፍ ባንኳኳ ቁጥር መጥረቢያ እየመሰለኝ ቀጥ እላለሁ።

“ሌላ ሽማግሌ ድኩላ ከምንጩ አጠገብ አለ፤ ዛሬውኑ አስመታዋለሁ” አልኳት ቦታውን የምታስተዳድረውን ልጄን።

“የዚህ ዓመት ፈቃዳችን አልቋል፣ አባዬ።”

“ማን ያያል?”

“እኔ አያለሁ። እኛው ከሰረቅን እነሱ ከማን ነው የሚጠብቁት?”

በዚህ የወጣችው እኔን ነው። ወደ በረት ሄድኩ። ለመስቀል የማደልበው ሰንጋ ቆሞ ያመነዥካል። ቆጮና ክትፎ በሚበላበት አገር የእኔን የሚያህል ሰንጋ የትም የለም። ገመዱን ፈታሁ።

“ለመስቀል ምን ልንበላ ነው?” አለች ልጄ።

“ጎመን!”

ሰንጋውን እየነዳሁ ሐጂ ደጅ ድረስ ወረድኩ። “አሰላሙ አለይኩም” አልኩና ገመዱን እጃቸው ላይ አኖርኩ። “በቢላዎ ይረዱት። ይሄ ሙቅ ብቻ አይደለም፣ ይተነፍሳል።”

ሰንጋውን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ጀርባውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ገበሬዎቹ ነገ ለጥበቃ ይወጡ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

በማግስቱ ጠዋት ቁርሴን ትቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ቆይቶ ገበሬዎቹ ዱላቸውን ይዘው አቀበቱን ሲወጡ አየሁ። ሐጂ ከኋላ ነበሩ።

“አንተ ሰውዬ፣ ለከርሞውም እንግዳ ተኩስ አስተምርልን” አሉኝ ሳይቆሙ። “ከድኩላው ሰንጋህ ይጣፍጣል።”