የሐጂ ዓሦች ውሃ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከታይዋን ገበያ አራት ወርቃማ ዓሦች በላስቲክ አንጠልጥላ መጣች። የብርጭቆ ገንዳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ከቧንቧ በባልዲ የቀዳችውን ውሃ ልትገለብጥበት ስትል ሳላስበው እጇን ያዝኩት።

«ሁለት ቀን ይቀመጥ» አልኳት። ክሎሪን እንዳለበት፣ መተንፈሻ ስንጥባቸውን እንደሚያቃጥል አስረዳኋት። ከየት እንዳወቅሁ ስትጠይቀኝ ግን ወሬ ቀየርኩ።

በሃያ ዓመቴ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሠፈር ውስጥ ሐጂ ዩሱፍ የሚባሉ ሰው ጭማቂ ቤት እሠራ ነበር። ልጃቸው ከጅቡቲ በባቡር ያመጣላቸው ዓሦች መግቢያው ላይ በትልቅ ገንዳ ይዋኙ ነበር። በቀትር፣ የድሬ ፀሐይ መንገዱን ባዶ በሚያደርግበት ሰዓት፣ ሰው ሳምቡሳውንና የፓፓያ ጭማቂውን ይዞ ፊታቸው ይቆማል። ማየቱ ብቻ ያቀዘቅዛል ይሉ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ዓሦቹ አንድ በአንድ ይሞቱብን ነበር። ምክንያቱን የነገረኝ የውሃ መስመር የሚጠግን ደንበኛችን ነው። ከዚያ ወዲህ ጓሮ፣ ጥላ ስር፣ አፉ ሰፊ በርሜል አስቀመጥኩ። ውሃውን እዚያ ቀድቼ፣ በሻሽ ሸፍኜ ሁለት ቀን አቆየዋለሁ፤ ጠዋትና ማታ አማስለዋለሁ። ስቀይርም ከገንዳው ሩቡን ብቻ። የድሬ ውሃ ከባድ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። እኔ ግን ጠባዩን ለመድኩት፤ አሽትቼው ብቻ እንደደረሰ አውቅ ነበር። ሦስት ዓመት አንድም ዓሣ አልሞተብኝም። ሐጂ ለእንግዳ ሁሉ «ይህችን ልጅ ለዓሦቼ አላህ ነው የላከልኝ» ይሉ ነበር።

ይህን ሲሉ ፊቱ የሚጠቁር አንድ ሰው ነበር። ጀማል ይባላል፤ የሐጂ ሚስት ዘመድ ነው፤ አብሮኝ ይሠራል። ስኳር እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ጊዜ፣ አንድ ቀን ልወጣ ስል ዘንቢሌን ከእጄ ነጥቆ ሐጂ ፊት ገለበጠው። በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ወደቀ። እኔ አልከተትኩትም። ደንበኞች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ያዩኝ ነበር።

ሐጂ አልጮኹም። «ሂጂ ልጄ» ብቻ አሉ።

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ እየጠበሰች ለሠፈሩ ትሸጥ ነበር። በሳምንቱ «ሽሮፑን የምትሠራበት ስኳር ከየት እንደሚመጣ አሁን ገባን» ተባለ። ጣፋጩ ትሪው ላይ ዝንብ ሲያርፍበት ይውል ጀመር። ማታ ማታ የተረፈውን እኛው እንበላዋለን። እያንዳንዷን ጉርሻ ከጀማል ስም ጋር ነበር የምውጣት።

ወር ሳይሞላ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ወረደ። ከጎርፉ በኋላ የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ስለበዛበት መድኃኒት መድኃኒት ይሸት ጀመር፤ ሻይ ውስጥ እንኳ ይታወቃል። በዚያው ሰሞን፣ ቀትር ላይ፣ ጀማል ደጃፋችን ላይ ቆመ።

«ዓሦቹ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍታሉ» አለ። «ውሃውን እንዴት ነበር የምታደርጊው?»

ሌላ ነገር እስኪናገር ጠበቅሁ። ዓይኑ ያልተሸጠው ሙሸበክ ላይ አረፈና ተመለሰ።

«ሌላ የምትለኝ የለም?» አልኩት።

«አቦ፣ ውሃውን ብቻ ንገሪኝ።»

«ሙሉውን ድፋው» አልኩት ረጋ ብዬ። «ከዚያ ከቧንቧው በቀጥታ ሙላ። የቆየ ውሃ ነው የሚያሳምማቸው።»

«በርሜሉስ?»

«እሱ ለብርጭቆ ማጠቢያ ነበር።»

አመነኝ። ከኋላው ሳየው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉሬን አበጥሬ፣ የዒድ ሽቲ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ማየት ፈልጌ ነበር። ሐጂ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓሦቹን በሻይ ማጥለያ አንድ በአንድ እያወጡ ሳህን ላይ ያስቀምጣሉ። ጀማል ሲያየኝ ጣቱን ቀሰረ።

«እሷ ናት! ትናንት ሙሉውን ቀይር ያለችኝ እሷ ናት።»

ሐጂ ቀና አሉ። «እውነት ነው ሰዓዳ?»

«ስለ ውሃ ምንም አልጠየቀኝም» አልኩ።

ሐጂ ወደ ጀማል ዞሩ። «ስኳሩን አንተ እንደከተትክ ትናንት ስደርስብህ፣ ‹ይቅርታ ጠይቀህ ይዘሃት ና› ብዬ ላክሁህ። ተመልሰህ ‹ቤቷ የለችም› አልከኝ። ዛሬ ደግሞ ‹ትናንት እሷ ነገረችኝ› ትላለህ። የቱን ልመንህ?»

ጀማል በዚያው ቀን ከሥራ ወጣ።

ሐጂ ማታውን ቤታችን መጥተው እናቴን ጎረቤት እየሰማ ይቅርታ ጠየቁ። ሙሸበኩ እንደገና መሸጥ ጀመረ፤ እኔም ሥራዬ ላይ ተመለስኩ። ልጃቸው ሌሎች ዓሦች ላምጣ ቢላቸው ሐጂ «ይብቃኝ» አሉ። ገንዳው ውስጥ ሎሚ እንድደረድር አዘዙኝ። ሦስት ዓመት ያሳደግኋቸውን ዓሦች እንደገደልኩ የገባኝ ያን ሎሚ ስደረድር ነው። አለቀስኩ። ሐጂ ዓሦቹ ናፍቀውኝ ያለቀስኩ መስሏቸው አጽናኑኝ።

ሐጂ ከሞቱ ቆዩ። ጀማል ዛሬ ጨርቅ ይሸጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ሱቁ ስገባ አወቀኝ፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ።

«ሰዓዳ» አለ፣ «የስኳሩን ነገር አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«አውፍ ብያለሁ» አልኩት።

ከዚያ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። የኔንም፣ የዓሦቹን ነገር፣ እየጠበቀ እንደሆነ ገብቶኛል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያላመነውን እውነት አንድ ሰው እንዲያምንለት ፈልጎ ነበር፤ ያም ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጨርቄን ይዤ ወጣሁ።

ሐጂ ያሳዝኑኛል፤ ዓሦቹም ያሳዝኑኛል። ጀማል ሊያሳዝነኝ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ እየሞከርኩም ነው። ሱቁ ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ግን እስከ ዛሬ ተመልሼ አልሄድኩም።