ሩዝ የበቀለበት ግድግዳ

ባለቤታቸው አቶ መንግሥቴ ከሞቱ ወዲህ ወይዘሮ ውባንቺ ለማንኛውም ጥያቄ የሚሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ «እንደ ወደዳችሁ።» በሬዎቹ ይሸጡ ወይ ሲባሉ እንዲሁ አሉ። ልጃቸው አሸናፊ ከፎገራ ሜዳ አንስቶ ወረታ ከተማ ሊያስገባቸው ሲመጣም እንዲሁ አሉ። የተናገሩት ነገር የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል ነበር።

ይዘውት የመጡት ዕቃ ጥቂት ነው። ልብሳቸው፣ ጋቢያቸው፣ አንድ ማዳበሪያ የታጨቀ የሩዝ ገለባ።

«እማዬ፣ ይኼን ምን ልታደርጊው አመጣሽው? እዚህ ከብት የለንም» አላቸው አሸናፊ።

«አባትህ የወቃው ነው።»

አቶ መንግሥቴ ያንን ሩዝ አውድማ ላይ አበራይተው እህሉን ቤት ባስገቡ በሳምንቱ ነው የሞቱት። ማዳበሪያው ከጓሮ ባለችው የእናቱ ክፍል አልጋ ሥር ገባ።

አሸናፊ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው። አዲሱን ቤቱን በብሎኬት አቁሞ፣ ወለሉን ሴራሚክ አልብሶ፣ የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ለማስመረቅ ይጣደፍ ነበር። ሚስቱ ቤዛ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ወረታ የመጣችው አስተማሪ ሆና ነው። አንድ ቀን ስልኳን ይዛ ወደ አማቷ መጣች። ስልኩ ላይ የሚታየው ሳሎን ሦስቱ ግድግዳ ነጭ ነው፤ አንዱ ግን ጭቃ ነው፤ በጣት ተስሎበታል።

«እማማ፣ እርስዎ ይኼን ይችሉበታል አሉ። ለቴሌቪዥኑ ግድግዳ ይሠሩልኝ?»

አሸናፊ ከወዲያ ሆኖ ሰማ። «ከጭቃ ቤት ለመውጣት ያን ሁሉ ብሎኬት ደርድሬ፣ አንቺ ጭቃውን ሳሎን ድረስ ታስገቢልኛለሽ?»

«ዘመናዊ ነው።»

«ዘመናዊ ጭቃ!»

ወይዘሮ ውባንቺ ስልኩን ራቅ አድርገው አዩት። በቀበሌያቸው ሙሽራ የሚገባበት ቤት ያለ እሳቸው እጅ አይለሰንም ነበር። «እንደ ወደዳችሁ» አሉ። ቆየት ብለው፣ «ገለባው ግን የእኔ ይሁን» ሲሉ ጨመሩ። ከመጡ ጀምሮ የጠየቁት ነገር ይኼ ብቻ ነው። ግድግዳው እስከቆመ ድረስ የመንግሥቴ የመጨረሻ ውቂያ ከቤቱ አይወጣም። ይኼን በቃል አላሉትም፤ ቤዛ ግን ማዳበሪያውን እንዴት አቅፈው እንዳመጡት አይታ ገባት።

የሜዳው ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ቀይ አፈር ከጣራ ገዳም በኩል በመኪና ተጫነ። ብሎኬቱ ላይ ጭቃ እንዲይዝ የዶሮ ሽቦ ተመታ። ጭቃ ከገለባ ጋር ተረግጦ መሽተት እስኪጀምር መክረም አለበት፤ ያኔ ውስጡ ያለው ሁሉ ይበሰብሳል። አሸናፊ ግን ምርቃቱ ደረሰ ብሎ ቶሎ እንዲለሰን ለመናቸው።

«አልቦካም» አሉ። ከዚያ «እንደ ወደዳችሁ» አሉ።

ሲለስኑ የጅብሰም ሠራተኛው በላይነህ መሰላል ላይ ሆኖ ኮርኒሱን ያስተካክል ነበር። «እትዬ፣ እንጀራዬን ሊዘጉብኝ ነው? ነገ ሰው ሁሉ ጭቃ ጭቃ ቢል ምን ይውጠኛል?» ይላቸዋል። በአራት ጣታቸው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር እየሳቡ፣ ጎርፍ ሲሸሽ ሜዳው ላይ እንደሚተወው ዓይነት መስመር አወጡበት። ቤዛ እጇን አፏ ላይ ጭና አየች። አሸናፊ እንኳ ቀረብ ብሎ አየው።

ክረምቱ አላባራ አለ። ዝናብ እንዳይገባ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ፤ ቤቱ ታመቀ። ሰንበትበት ብሎ አንድ ጠዋት ቤዛ ጮኸች። ግድግዳው አረንጓዴ ጢም አብቅሏል። ሩዝ ነው። ዘሩን ነክሮ በሚዘራ አገር፣ እርጥብ ጭቃ ውስጥ የገባ ፍሬ ምን እንደሚሆን ማንም አላሰበም።

አሸናፊ መጀመሪያ ሳቀ፤ ወዲያው ተናደደ። «አሸናፊ ሳሎኑን ያርሳል ሊሉኝ ነው! በላይነህ፣ የጅብሰም ሰሌዳህን አምጣና ከላይ እስከ ታች ሸፍንልኝ።» ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ይሸፈን አይደል?»

«እንደ ወደዳችሁ።»

በላይነህ ሰሌዳውን ደግፎ አቆመና አንዷን ቡቃያ ነቀላት። ሥሯ ላይ የሩዙ ቅርፊት እንዳለ ተንጠልጥሏል። «ኧረ ይኼ ገለባ ምኑም አልተወቃም!» አለ።

ወይዘሮ ውባንቺ ከእጁ ተቀብለው አዩት። «መንግሥቴ!» አሉ፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው የሚጠሩ ይመስል። «ስንት ዘመን ነገርኩህ! ገለባውን አገላብጠህ ውቃው አላልኩህም? ግማሹን እህል ከገለባ ጋር ትጥላለህ አላልኩህም?»

በየዓመቱ አውድማው ላይ ይኼን ሲሏቸው የአቶ መንግሥቴ መልስ አንድ ነበር፤ «ከብቱስ አይብላ?» አሸናፊም ያውቀዋል። ሁሉም መልሱን የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ።

«አይሸፈንም» አሉ ወይዘሮ ውባንቺ።

«እማዬ...»

«አይሸፈንም አልኩ። መስኮቱን ክፈቱልኝ።»

በላይነህ ሰሌዳውን ተሸክሞ ወጣ። ወይዘሮ ውባንቺ ቡቃያውን ለቅመው፣ ቀዳዳውን በቀጭን ጭቃ እያበሱ ሰነበቱ። ሁሉም አልተደፈነም፤ ግድግዳው ጠቃጠቆ ቀረበት።

በምርቃቱ ዕለት ቄሱ ጠበል ረጭተው ሲጨርሱ ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ። «ይኼ ነጠብጣቡ ምንድን ነው?»

ቤዛ ባሏን አየችው። አሸናፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዲዛይን ነው አባ።»

«ደግ ነው» አሉና ተቀመጡ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወይዘሮ ውባንቺ ሳሎኑን ጠረጉ። ከሶፋው ኋላ አንዲት ቡቃያ ቀርታ ነበር፤ ብርሃን ስላጣች ገርጥታለች። ነቀሏትና ወደ ጓሮ ይዘዋት ወጡ። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ጥጃ ታስሯል። እጃቸውን በአጥሩ አሾልከው ዘረጉለት። ጥጃው አሸተተ፤ ከዚያ በላ። እጃቸውን ታጥበው ገቡ።