የእትዬ አስናቀች ጠረጴዛ፣ የመሳያው ብረትና የቧንቧ ሞርሳዎቹ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አሶሳ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ይጥል ነበር። በእንጨት ሥራ ሠልጥኜ ወደ ሐሰን ወርክሾፕ ስገባ፣ ቆርቆሮው ከሚያሰማው ድምፅ የተነሳ ሰላምታዬን የሰማ አልነበረም። ሐሰን ባለቤትም አለቃም ነው። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ አማርኛን የለመደው በገበያና በሥራ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል።

«ያ ቢንቲ፣ ና። ይሄን መሮ ሳለው» አለኝ።

ሌላ ሰው የጠራ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ማንም የለም። «ያ ቢንቲ» በዐረብኛ «ልጄ ሆይ» እንደ ማለት መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

«የመሳያ ማሽኑ የት ነው?» አልኩት።

«መብራት የለም። ቢኖርም ማሽን ስለቱን ያቃጥላል» አለና ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ድንጋይ አወጣልኝ። የአባቱ ድንጋይ ነበር። ከአገልግሎት ብዛት መሐሉ ጎድጉዷል። ስዬ ስጨርስ መሮውን ተቀብሎ የዋንዛ ቁራጭ ላይ ሞከረው። «ይቆርጣል» አለ። ከሐሰን አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና እንደማይወጣ ገና አላወቅሁም ነበር።

በዚያ ድንጋይ ዓመታት ሠራን። አልጋ፣ በር፣ ቁም ሣጥን፣ የቀርቀሃ ወንበር። ለመሮ ምንም አይወጣለትም። ሰፊው የመላጊያ ምላጭ ግን እየተሳለ በሄደ ቁጥር የድንጋዩን ጉድጓድ ተከትሎ ስለቱ መሐሉ ላይ ወደ ውጭ ይነፋል፤ የሚልገው ሳንቃም መሐሉ ሰርጎድ ይላል። አልጋና በር ላይ ይህን የሚያስተውል ሰው ስላልነበረ እኛም አልተጨነቅንበትም።

አንድ ቀን እትዬ አስናቀች የዋንዛ ሳንቃ በአይሱዙ አስጭነው ከባምባሲ መጡ። ባለቤታቸው መምህር ነበሩ። ባምባሲ ተመድበው የመጡ ጊዜ ግቢያቸው ውስጥ የተከሉት ዋንዛ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ንፋስ ጣለው። እትዬ አስናቀች አስሰንጥቀው ጥላ ሥር አድርቀውታል።

«ልጆቼ ለፋሲካ ይሰባሰባሉ። አንዷ ከቡለን፣ አንዱ ከኩርሙክ፣ ሌሎቹም ከየሥራቸው። ሁሉም የሚከቡት አንድ ጠረጴዛ ሥሩልኝ» አሉን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰዓዳ ልጄ፣ ከዚህ ሌላ ሳንቃ የለኝም» አሉኝ።

ሳንቃዎቹን ልገን፣ ጠርዛቸውን ኮላ ቀብተን አጋጠምን። ኮላው እስኪይዝ ሳንቃዎቹን ጨምቀው የሚያቆዩ ሞርሳዎቻችንን ሁሉ ደርድረን አጠበቅናቸው። ቀጭን ብረት ያላቸው፣ ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የገቡ ነበሩ። ሐሰን አንዱን ሲያጠብቅ ብረቱ እንደ ቀስት ሲጎብጥ አየሁ። እሱም አይቷል። ኮላው መድረቅ ስለጀመረ የቀሩትን ማጥበቅ ቀጠልን።

በማግስቱ ሞርሳዎቹን ፈትተን ገበታውን ብናነሳው፣ መሐል ላይ ጠሽ ብሎ ተላቀቀ። ጠርዞቹ ከላይና ከታች ብቻ ነበር የተነካኩት፤ መሐሉ ክፍት ኖሯል። እንደገና መላግ ማለት ሳንቃውን ማጥበብ ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ የሚሆን እንጨት አይተርፍም።

ሐሰን ማንንም አልተቆጣም። ተቀምጦ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው።

«ሌላ መሳያና ሌላ ሞርሳ እንግዛ» አልኩት።

«የአባቴ ድንጋይ ምን አደረገህ?»

«ምንም አላደረገኝም። መሮ ይስላል። ለመላጊያው ግን ዝርግ ነገር ያስፈልገናል።»

የብረት ማስመሪያ አንስቶ ድንጋዩ ላይ አጋደመ። ከማስመሪያው ሥር የሚታየውን ብርሃን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ሂድ ግዛ። አንተ ምረጥ» አለኝ።

ገበያው አጠገብ ያለው የዕቃ መደብር ባለቤት የሚያብረቀርቅ ሣጥን አወረደልኝ። በውስጡ አራት ስስ መሳያዎች አሉ። ማስመሪያዬን አንድ በአንድ አጋደምኩባቸው፤ ሁሉም መሐላቸው ተነፍቷል። ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ አንድ ወፍራም ብረት አገኘሁ፤ የአልማዝ ብናኝ የተለበጠበት፣ አንዱ ፊቱ ሻካራ፣ ሌላው ልስልስ። ማስመሪያው ሥር ብርሃን አላለፈም።

«አራቱን ትተሽ አንዱን?» አለ ሰውዬው።

«አንዱን» አልኩት።

ከመደብሩ ሞርሳዎች አንዱን ደግሞ ይዤው በሄድኩት የእንጨት ቁራጭ ላይ ላጠብቅ አልኩ። «ከሰበርሽው ያንቺ ነው» አለኝ። አልተሰበረም፤ ጎበጠ። መልሼለት ወጣሁና ወደ ብየዳ ቤት ሄድኩ። በያጁ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ላይ፣ ከአሮጌ የመኪና ክሪክ የወጣ ጥምዝ ብረት እየገጠመ ረጃጅም ሞርሳዎች ሠራልን። መልካቸው አያምርም፤ ተሸክሜያቸው ስመጣ ሐሰን ሳቀ።

ምላጩን በአዲሱ ብረት የሳለው ራሱ ነው። በመጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በልስልሱ። ከዚያ እኔ ላግሁ። ከመላጊያው የሚወጣው ልጣጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ ወረደ። ሁለቱን ሳንቃዎች ያለ ኮላ አቁመን ወደ በሩ ብርሃን አየን፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት የለም። ሞርሳዎቹን አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያፈራረቅን አሰርን። ኮላው በመጋጠሚያው ርዝመት ሁሉ እኩል ጠብ ጠብ አለ። ቧንቧው ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ ሐሰን ገበታውን በአንድ ጫፍ አንስቶ ወለሉ ላይ መታው። ጠንካራ፣ አንድ ድምፅ ሰጠ። በዚያ ቀን ምሳ በልቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለፋሲካ እትዬ አስናቀች እኔንና ሐሰንን ጠሩን። «የእናንተን ዶሮ ሙስሊም ጎረቤቴ ነው የባረከው» ብለው ለብቻ አቀረቡልን። ልጆቻቸው ጠረጴዛውን ከበዋል፣ የልጅ ልጆቹ ከሥሩ ይሯሯጣሉ። ከኩርሙክ የመጣው ልጃቸው በመዳፉ ገበታውን ደጋግሞ ዳሰሰና «መጋጠሚያው የት ነው?» አለኝ። ፈልጌ አሳየሁት።

ዛሬ ሐሰን ወደ ወርክሾፑ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ። አዲስ ሠራተኛ ምን ልግዛ ሲለኝ የምመልሰው ይኸው ነው፦ መሳያ ስትገዛ ማስመሪያ ይዘህ ሂድ፣ ዝርግ የሆነ አንድ ይበቃሃል። ሞርሳ ስትገዛ እዚያው አጥብቀህ ሞክረው፣ ከጎበጠ ተወው።