የወንድሜ ክሊራንስ

ወንድሜ ጌታሁን በሕይወት የነበረበት የመጨረሻ ቀን ረቡዕ ነው። እኔ ያኔ መርካቶ ውስጥ በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሒሳብ ረዳት ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር።

ሥራዬ ይህ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሲመጣ የኪራይ መዝገቡን አወጣለሁ። ዕዳ ከሌለበት ክሊራንስ እጽፍለታለሁ። ክሊራንስ ተከታታይ ቁጥር ባለው ጥራዝ ላይ፣ በካርቦን፣ በሦስት ቅጂ ይጻፋል። ያለ እሱ ቤቶች ክፍል ማንንም አያነጋግርም።

በተቀጠርኩ ቀን የሒሳብ ሹሙ ጋሼ በላቸው ወንበሬን እያሳዩኝ፣ «ከአለቃ ይልቅ ዘመድ ፍራ። አለቃ ደሞዝ ይቆርጣል፤ ዘመድ ያስባርራል» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ጌታሁን ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ይሠራ ነበር። ያሳደገኝ እሱ ነው። ያስተማረኝም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጥላሸቱን እንኳ ሳይታጠብ መስኮቴ ላይ መጣ። የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ውል በእሱ ስም ብቻ ነበር፤ የሚስቱን የወይንሸትን ስም ማስገባት ፈለገ። ጎረቤታቸው ሞቶ፣ ሚስቱ ስሟ ውሉ ላይ የለም ተብላ ቤቱን ስታስረክብ አይቷል። የጋብቻ ወረቀቱን፣ ፎቶግራፉን፣ የኪራይ ደረሰኙን፣ ሁሉንም ይዟል።

ተራው ደርሶ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን ተቀብዬ ከክምሩ ሥር ከተትኩት። ለወንድሙ አዳላ እንዳይሉኝ ነው።

«ምነው ሲሳይ? ተሰልፌ አይደል እንዴ የመጣሁት?»

«ነገ ና።»

«እንዴ! ‹ነገ ና› ማለትም ተማርክ? በቃ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነሃላ!»

ከኋላው የቆሙት ሳቁ። አንዲት የምታውቀን ሴትዮ፣ «የእናቱን ልጅ እንዲህ ካደረገ እኛንማ በዱላ ነው!» አለች።

ጌታሁንም ሳቀ። «እሺ ጌታዬ፣ ነገ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። ክሊራንሱን መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የእሱንና ያልደረስኩላቸውን የሌሎች ስድስት ሰዎች ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩ። ቆለፍኩት።

ማምሻውን በርሜል በእሳት ሲቆርጥ ፈነዳበት። ውስጡ የቤንዚን ትነት ቀርቶ ነበር። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ሐሙስ ቀበርነው።

ዓርብ ጠዋት ከድንኳኑ ተነሥቼ ቢሮ ሄድኩ። ዘመዶች ተቆጡ። ሐዘንተኛ ሣልስት ሳይወጣ ሥራ አይሄድም። ጋሼ በላቸው ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሡ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«የጌታሁንን ክሊራንስ።»

በሩን ዘጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የረቡዕን ቀን ጻፍበት» አሉኝ። «ወረቀቱ ረቡዕ፣ በሕይወት ሳለ ገብቷል፤ ሐሰት አይደለም። እኔ እፈርማለሁ። ሚስቱ ሜዳ ላይ አትውደቅ።»

ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ጥራዙን ከፈትኩ። ሐሙስ እኔ በሌለሁበት እሳቸው ራሳቸው ለሁለት ሰው ጽፈውበታል። ቀጣዩ ባዶ ቅጽ ላይ የረቡዕ ቀን ቢገባ ኦዲተር ወዲያው ያየዋል።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ያጋልጠናል። ያኔ የእሷም ጉዳይ ይበላሻል፣ እርስዎም ይጠየቃሉ።»

ጥራዙን አዩት። መልሰው ወደ እኔ ገፉት።

የዓርብን ቀን ጻፍኩ። ከስሙ በፊት «ሟች» ብዬ ጨመርኩ። ብዕሩን ሳላውቀው ተጭኜው ኖሯል፤ ቃሉ ሦስተኛው ቅጂ ላይ ሳይቀር ጎልቶ ወጣ።

ተከራዩ ስለሞተ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ተመራ። ውሉ በወይንሸት ስም የሆነው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ልቀቂ ትባላለች እየተባለ ዕቃዋን ሁለት ጊዜ አስራ ፈትታለች። እኔን አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ረቡዕ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ግን ኮሚቴም አያስፈልጋት ነበር።

አሁን አዲስ ለሚቀጠሩት የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወረቀቱ የተሟላ ሰው ተራው ሲደርስ ይጨረስለት። ዘመድም ቢሆን።

ያን ዓርብ ክሊራንሱን ለቤቶች ክፍል አስረክቤ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። የመሳቢያው ቁልፍ ኪሴ ስለነበር ስድስቱ ሰዎች ሐሙስ መጥተው በባዶ ተመልሰዋል። የስድስቱንም ሠራሁ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ።