መሪው ከኋላ፣ ሹፌሩ ከፊት

ጋሽ ፍሬን ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ዶሮ እንኳ አልገጨም። አንዴማ፣ ይሄን እንግዲህ ራሱ ነው የሚያወራው፣ ቁልቁለት ላይ አንዲት እንቁራሪት አይቶ ስልሳ ሰው ከነሻንጣው ቀጥ አድርጎ አቁሟል። «ዞር ብላ አየችኝ፤ ምስጋና ነው» ይላል። እንቁራሪት ስታመሰግን ምን እንደምትመስል እሱ ያውቃል።

ጡረታ ሲወጣ መሪ መጨበጥ ናፈቀው። የሐይቁ ዳር ሆቴል ተዘግቶ ዕቃውን ሲጥል፣ ካያክ የሚሉትን አነሳ፤ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ የሚቀመጥበት ቀጭን የፕላስቲክ ታንኳ ነው። ከማርጀቱ የተነሳ ፀሐይ መትታው ቀይ ቀለሙ ድድ መስሏል። ተሸክሞት ግቢ ሲገባ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ የሬሳ ሳጥንህን በጊዜ ገዛህ?»

«እህትሽ ዘንድ የማደርስሽ ነው!»

እህቷ ማዶ ናት። በመንገድ ዞሮ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በውሃ ግን አፍንጫ ሥር ናት። ሚስቱ ጣቷን ቀሰረች።

«እሁድ ቀሚሴ ሳይርስ ካደረስከኝ አደረስከኝ። አለዚያ ለሁለት ሰንጥቄ የዶሮ ውሃ መጠጫ ነው የማደርገው!»

ታደርገዋለች! አንዴ ጃኬቱን ወንበር ላይ ጥሎ ቢወጣ፣ ሲመለስ ትራስ ሆኖ ጠብቆታል።

ትከሻው ለመቅዘፍ አልሆን ስላለው ለታንኳው ሸራና መሪ ሊገጥምለት ተነሳ። ሸራውን እሷው ከድንኳን ጨርቅ ሰፋችለት፤ ልማድ ሆኖባት ወገቡ ላይ ጠበብ አድርጋዋለች። ለምሰሶ የሆቴሉን የጃንጥላ ዘንግ አቆመ፤ እንዳይገለበጥ ግራና ቀኝ ባዶ ጄሪካን አሰረ። መሪውን ጎረቤቱ በያጅ ከአሮጌ ፍሪጅ በር ቆርጦ ታንኳው ቂጥ ላይ በበር ማጠፊያ ሰቀለው። የሚያዞሩት ሁለት ፔዳሎች ናቸው፤ ቀኙን ስትረግጥ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ስትረግጥ ወደ ግራ።

«ፔዳሉን ኋላ ወንበር ጋ ልሥራው፤ ገመዱ ያጥርልናል» አለ በያጁ።

«ሹፌር ከተሳፋሪ ኋላ ተቀምጦ የት አይተሃል?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አውቶቡስ አይደለም።»

«አንተ ብረትህን በይድ!»

ፔዳሉ ፊት ተገጠመ።

እሁድ ጠዋት ሚስቱ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን በፌስታል ቋጥራ ኋላ ተቀመጠች። ነፋሱ ሸራውን ሲሞላው ታንኳው ተፈተለከ። ጋሽ ፍሬን ሊያንጎራጉር አፉን ሲከፍት አንዲት ዳክዬ ከፊቱ ብቅ አለች።

ቀኝ እግሩ እስከ መጨረሻው ረገጠ። ታንኳው ወደ ቀኝ ታጠፈ። ይባስ ደንግጦ አጥብቆ ቢረግጥ፣ ታንኳውም አጥብቆ ታጠፈ። ሸራው ዞሮ ባርኔጣውን ገፍቶ ውሃ ውስጥ ከተተው።

«ያንን ዛፍ ሦስተኛ ጊዜ አየሁት» አለች ሚስቱ።

«ረግጫለሁ እኮ! አልቆም አለ!»

«ምኑን ነው የረገጥከው?»

«ፍሬኑን!»

«ፍሬን የት አለው?»

ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ዳክዬዋ እንኳ ታዘበችው። እግር ደግሞ እንደ አፍ አይደለም፤ የለመደውን በአንድ እሁድ አይተውም። ውሃው ቀሚሷ ጫፍ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ታንኳው ዞሮ ዞሮ ዳር ላይ ደንገል ውስጥ ተሰነቀረ።

«በል ውረድ፣ ቦታ እንቀያየር» አለችው።

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

«እሺ። ዶሮዎቹ ግን ውሃ ጠምቷቸዋል።»

ተቀያየሩ። የስፌት መኪና ፔዳል ሠላሳ ዓመት የረገጠ እግር አይደነብርም፤ ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ አድርጋ ታንኳውን እንደ ክር ቀጥ አደረገችው። እሱ የሸራውን ገመድ ይዞ ከኋላ ይጮሃል።

«ቀስ በይ! ኩርባ አለ!»

«ውሃ ላይ የምን ኩርባ?»

«ቢሆንም ክላክስ አድርጊ!»

ማዶ ሲደርሱ ቀሚሷ ደረቅ ነው። እህቷ ዳር ቆማ አጨበጨበች።

«አንቺ ነሽ የነዳሽው?»

«ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ፍሬን፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ታንኳውን እየጎተተ።

እህትየው ግን ቀሚሷን ሰብስባ እሱ የተነሳበት ወንበር ላይ ጉብ ብላለች። «እኔንም አንዴ አዙሪኝ!»

«እኔስ?» አለ።

«ሞልቷል!» አለች ሚስቱ፣ ፔዳሉን ረገጥ አድርጋ።

«ስንመለስ ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ! ሰምታችኋል?»

ሁለቱም እየሳቁ እጃቸውን አውለበለቡለት። ይስሙት አይስሙት እንጃ።