ቃሪያው ሲያኮርፍ

ልጅ እያለሁ ተክል እንደ ሰው ያኮርፋል ብዬ አምን ነበር። እኛ መርሳ ከተማ፣ የቃሪያ ቅጠል ወደ ውስጥ ተጠቅልሎና ተጨማዶ ሲቀር «ታመመ» አንልም፤ «አኮረፈ» ነው የምንለው። ትልልቆቹ ምክንያትም አያጡለትም፤ «ቃሪያ ባለቤቱን ካላየ ያኮርፋል» ይሉ ነበር። በቀደም ገበያ ላይ አንዷ ሻጭ ቅጠሉ የተኮማተረ ችግኝ ይዛ «ውሃ ስታጠጪው ይታረቅሻል» ስትለኝ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። አይታረቅም እቴ። አይቼዋለሁ።

ጦርነቱ ወደኛ ሲደርስ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። የጎረቤታችን የእትዬ ሐዋ ልጅ መውለጃዋ ደርሶ ስለነበር፣ ከወልድያ በኩል የሚሰማው ድምፅ እየቀረበ ሲመጣ እትዬ ሐዋ ልጃቸውን ይዘው ወደ ደሴ ለመውጣት ቆረጡ። የእሳቸውንና የኛን ጓሮ የሚለየው የእሾህ አጥር ብቻ ነው። ሊሄዱ ሲሉ በአጥሩ ላይ እናቴን ጠሯት።

«ዘምዘም፣ ቤቱን የሚወስደው ይውሰደው። ቃሪያዬን ግን አማና ብዬሻለሁ፤ አደራሽን። አጠጪልኝ፤ አንዲቱን እንኳ እንዳታስነቅይብኝ።»

እማዬ «ኢንሻአላህ» አለች። በቃ፣ ተቀበለች። አማና የተቀበለ ሰው ደግሞ ወዴት ይሸሻል?

ከዚያ በኋላ ያለውን የኔ እድሜ ሰዎች ታውቁታላችሁ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ወፍጮ ቆመ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከግቢ ርቆ መሄድ ስለማይቻል ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው ከጓሮው አፈር ላይ መስመር እያሰመርን ነበር፤ ላባችንን ስንጠርግ ጣታችን ላይ የቀረው ቃሪያ ዓይናችንን ያቃጥለናል። ያኔ ያኖረን ቃሪያው ነው። አያ ሰይድ የሚባሉ ገበሬ ከገጠር ማሽላ በአህያ ጭነው ብቅ ይሉና በቃሪያ ይለውጡን ነበር። ማሽላውን በድንጋይ ፈጭተን ቂጣ እንጋግራለን። ቃሪያ ካለ ቂጣ አለ፤ ቃሪያ ከሌለ የለም።

መጀመሪያ ያኮረፈው የእትዬ ሐዋ የቃሪያ መደብ ነው። እማዬ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ጣቢያ የቀን ሥራ ሠርታ ስለነበር ገና ስታየው ፊቷ ጠቆረ። ቅጠሉን ገልብጣ አሳየችኝ፤ ከሥሩ በሽታውን የሚያዛምተው ነጭ ዝንብ እንደ ዱቄት ቦነነ። በማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ አመድ ነሰነሰችበት። የቀረችንን ሳሙና ፍቃ በውሃ በጠበጠችና በጨርቅ ቅጠል በቅጠል አስጠረገችኝ። «እኛ ሳንታጠብ ቅጠል እናጥባለን!» ብዬ ተነጫነጭኩ። ዝንቡ ቀነስ ያለ መሰለ፤ አዲስ የሚወጣው ለጋ ቅጠል ግን እንደተጠቀለለ ነው የሚወጣው።

«እማ፣ ይነቀል። የታመመው ተነቅሎ ይቃጠላል ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ያ የመንግሥት ቃሪያ ነበር። ይሄ አማና ነው።»

ዝንብ አጥር አያውቅም፤ ወደኛ መደብ ተሻገረ። የራሷን ለመንቀል እማዬ ደቂቃም አልፈጀባትም። አንዱ ሲያኮርፍ ከነሥሩ መዝዛ ታቃጥላለች፣ በማግስቱ ሌላው ያኮርፋል። የምንተኛበትን አጎበር ሳይቀር አውርዳ በለጋዎቹ ችግኞች ላይ ዘረጋችው። ትንኙ እኛን ይበላል፣ በሽታው ቃሪያውን ይበላል። አንድ ቀን አያ ሰይድ አህያቸውን አቁመው ጓሮውን አዩና ደነገጡ።

«ዘምዘም፣ ያንቺው የት ገባ?»

«ነቀልኩት።»

«የሐዋስ?»

«እንደቆመ ነው።»

«እንዴ! አማና የሰጠችሽ ቃሪያዋን ነው እንጂ በሽታውን መሰለሽ?»

«ልክ ነዎት አያ ሰይድ። ግን እሷ መጥታ በአፏ ትንገረኝ።»

አያ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚለወጥ ነገር ባይኖረንም ትንሽ ማሽላ አፍስሰውልን ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ቂጣው ወደ ቀጭን አጥሚት ወረደ። እኔ ሆዴ እየጮኸ፣ ከወንዝ ውሃ እየቀዳሁ የሰው በሽታ አጠጣ ነበር። ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

እትዬ ሐዋ የተመለሱት ከተማዋን ይዘው የነበሩት ታጣቂዎች ከወጡ በኋላ ነው፤ ልጃቸው ሕፃን አዝላ ከኋላ። የተዘረፈውን ቤታቸውን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ጓሮ ገቡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቃሪያሽ ነዋ» አለች እማዬ።

«ያንቺስ?»

እማዬ ባዶውን መደብ በአገጯ አሳየቻቸው። እትዬ ሐዋ ጮኹ፤ «አንቺ እብድ! የራስሽን ነቅለሽ የኔን ሬሳ ስታጠጪ ከረምሽ?»

«እንዳታስነቅይብኝ አላልሽም?»

«ሌባ እንዳይነቅለው ብዬ ነዋ! ወላሂ፣ ከሌባው አንቺ ባስሽብኝ!»

እየተሳደቡ፣ በሁለት እጃቸው እየመዘዙ፣ መደቡን ባዶ አደረጉት። እማዬ አላገዘቻቸውም። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና እዚያው ፀሐይ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እናቴ በቀን ስትተኛ አይቻት አላውቅም ነበር። እትዬ ሐዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መሳደባቸውን ቀጠሉ።

ዛሬ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚያው ጓሮ ላይ ቃሪያ የምተክለው እኔ ነኝ። መደቡን ገና ከዘሩ ጀምሮ በመረብ እሸፍናለሁ፣ ዙሪያውን አርማለሁ፣ መጀመሪያ ያኮረፈችውን ሳላዝን እነቅላለሁ። የሚረጭ መድኃኒትም ሱቅ ሞልቷል። ይሄ አይከብድም፤ የከበደኝ ሌላ ነው። ያኔ ሰው የሄደው በሳምንት እመለሳለሁ ብሎ ነው፤ የሚነቀለውንና የማይነቀለውን ለመለየት ጊዜም ልብም አልነበረውም። አሁን ሁሉም መሄድን ለምዶታል። የጦርነት ወሬ በተነሳ ቁጥር እቃው ታስሮ በር ላይ ይቀመጣል፣ ወሬው ሲበርድ ይፈታል።

ባለፈው ሰሞንም ወሬ ነበር። እትዬ ሐዋ ችግኛቸውን ተክለው እንደጨረሱ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። «ስሚ፣ ድንገት ከሄድኩ ያኮረፈውን ንቀይው። ፈቅጃለሁ። በአላህ ፊት ፈቅጃለሁ» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው። ምን እላለሁ? ገና አፈሩን ከእጃቸው አላራገፉም ነበር።